ስማቸው የጠፋ ፋይሎች

በኬምኒትስ ከተማ፣ ከትራሙ መታጠፊያ፣
ሦስተኛው ፎቅ ላይ ነው የኢርምጋርድ ማረፊያ።
እኔ ከሥራቸው ነኝ፤ ስሜ ምንተስኖት፣
ለጀርመን ምላስ ግን ዳገት ሆነበት፤
ግማሹን እንደ ናና ከጫፉ ቀንጥሰው
«ሚንት» ይሉኝ ጀመር፣ ለሻይ እንደፈለገኝ ሰው።

ኅዳር ላይ አንኳኩ። በገበያ ዘንቢል፣
ከድንቹ አጠገብ፣ ላፕቶፕ ተጠቅልሏል።
«ሱቅ ወስጄው ነበር፤ ልጁ ከፈተና
‹አርጅቷል፣ ይጣል› አለ። ዐሥር ዓመቱ ነው ገና!
እኔስ ሰማንያ ሁለት ሞልቶኛልና
ደረጃው ሥር ልቁም፣ እንዲያነሳኝ የቆሻሻ መኪና?»

እንደ ልማዴ ነው፤ ከቀላሉ ጀመርኩ፦
አጥፍቼ አበራሁት። (አትሳቁ፤ በዚህ ብቻ ስንት ቤት ተመሰገንኩ!)
ቀጥሎ ማራገቢያው፤ ያ ሁሉ ጩኸቱ
አቧራ ኖሯል ለካ፤ የቀለም ብሩሽ ነው መድኃኒቱ።
ከዚያ ነጻውን ሥርዓት ከፍላሽ ልጭን ስል፣
ፈቃድ ግዛ የማይል፣ በየወሩ ክፈል የማይል፣
እጄን ያዝ አደረጉ።
«ቆይ፣ አንድ ነገር አለ።
ዲስኩ ሞልቷል ቢለኝ ትልቁን ፎልደር ሰረዝኩ።
ኤገን ነበረበት።»

ባላቸው ኤገን ትራም ነጂ ነበረ፤
ሠላሳ አንድ ዓመት አንድ መስመር ላይ የኖረ፣
ጎሕ ሲቀድ፣ የመጨረሻው ፌርማታ ሲደርስ
ያንኑ ሐዲድ፣ ያንኑ ዛፍ፣ በካሜራው የሚለቅም፣ ሳይታክት ሲመላለስ።

«እንግዲያው» አልኳቸው «ምንም አይጫንበት፤
ሙዚቃም አይውረድ፣ ፊደልም አይጻፍበት!
‹ሰርዝ› ማለት እኮ መግደል አይደለም፤
መዝገቡ ስሙን ይፍቃል እንጂ ሰውየውን አያስወጣም።
ልክ እንደ ታችኛው በር፣ እንደ ደወሉ ሰሌዳ፦
ስም ተነቀለ እንጂ አለ ውስጥ፣ ከነጓዙ ከነዕዳ፣
አዲስ ተከራይ መጥቶ ግድግዳውን እስኪቀባ።»
ዝም አሉ። ያን ጊዜ ነው ነገሩ ለኔም ልብ የገባ፦
ታች ደወሉ ላይ ዛሬም «ኤገን እና ኢርምጋርድ» የሚል አለ፤
ስሙ በር ይጠብቃል፣ ባለስሙ የለ።
ዲስኩ ላይ ግን ግልባጩ፦ እሱ አለ፣ ስሙ የለም።
የቱ ይሻላል ብትሉኝ፣ እስካሁን አልመለስኩትም።

ነጻ ነው ፕሮግራሙ፤ ፎቶሬክ ይባላል፤
ፊቱ ጥቁር ነው፣ አያምርም፤ ግን ሌሊቱን ሙሉ ያርሳል፣
ያገኘውን ሁሉ ሌላ ዲስክ ላይ ይከምራል።
ጠዋት አራት ሺህ ፎቶ፤ አንዳንዱ ከወገቡ በታች ግራጫ፣
አንዱም ስም የለው፤ ቁጥር ብቻ፣ ቁጥር ብቻ።
ስም መለወጫውን ቁልፍ፣ ኤፍ ሁለትን፣ አሳየኋቸው፤
አንድ ጊዜ መንካት ነው። ከዚያ ወዲያ ማን ያዛቸው!
ለኔ ያው አንድ ሐዲድ ነው። እሳቸው ግን መነጽራቸውን አውልቀው፦
«ይህቺ በረዶ የጣለ ዕለት፤ ጣቱ ተሰንጥቆ ነበር።
ይህቺ ጡረታ ሊወጣ ሁለት ቀን ሲቀረው።
ይህቺ...
ይህቺን ተዋት። በቁጥሯ ትሁን።»

ሥርዓቱን ጭኜ ስጨርስ ስሙን አዩት፤ ሊኑክስ ሚንት ይላል።
«በራስህ ስም ሰየምከው? ኩራትህስ ልክ አልፏል!»
የይለፍ ቃሉን «ቃል ሳይሆን ዓረፍተ ነገር ይሁን» ብዬ ፊቴን አዞርኩ፤
የቁልፉን ድምፅ ብቻ አርባ ሦስት ጊዜ ቆጠርኩ።
ቅጂ ደግሞ ሦስት ነው፤ አንዱ ላፕቶፑ ላይ፣ አንዱ ቁም ሣጥን ውስጥ፣
ሦስተኛው ከቤት ይውጣ፤ እሳት አለ፣ ሌባ አለ፣ የቧንቧ ውኃ አለ የማይታመን።
ይኸው እኔ ጋ ነው፤ ከካልሲዬ ጋር መሳቢያ ውስጥ፣
ትራሙ ባለፈ ቁጥር የሚንቀጠቀጥ።

ያን ዲስክ ሲሰጡኝ በሩ ላይ አቆሙኝ፦
«ሙሉው ስምህ፣ ሚንት፣ ትርጉሙ ምንድን ነው?»
«ምን ተስኖት» አልኩ፤ «ለእግዜር ነው የሚባለው፤
የሚያቅተው የለም ነው።»
ዲስኩን በመዳፋቸው መዘን መዘን አደረጉት።
«ኤገን ግን» አሉ «አንድ ነገር ተስኖት ነበር፦
መዘግየት።
ለዚህ ነው የመጨረሻው ፌርማታ
ቀድሞኝ የደረሰ።»